ከታች የተወሰደ ትንፋሽ

ናቩኩ መንደር፣ ፊጂ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ለሴቫናያ
ብሩም፣ አውስትራሊያ

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እግዚአብሔር በዚያ በቀይ አፈር አገር ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ፤ የሚወርዱበትም ባሕር ይመልስዎ። እኛ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እናቴን ቀና ብዬ ሳያት ተውኩት።

ወንድሜን አፒሳሎሜን ከቀበርነው አሥራ ሁለት ሌሊት ሆነው። ቴሌግራምዎ ለቀብሩ ደርሷል። ያነበበው ልጅዎ ኢኖኬ ነው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ለፓስተሩ ሰጣቸው፤ የቀረውን እሳቸው ጨረሱት።

ከቀብሩ መልስ ሽማግሌዎቹ መንደሩን ከጥልቁ ባሕር በሚከልለው የኮራል ድንጋይ አፍ ላይ እንጨት ተክለው የኮኮናት ቅጠል አሰሩበት። እስከ መቶኛው ሌሊት፣ እስከ ሜይ 18 ድረስ፣ እዚያ ባሕር ውስጥ መረብም መንጠቆም ጠላቂም አይገባም። መንደሩ በሙሉ ጎደሬና ካሳቫ እየበላ ነው። ኢኖኬ “ዓሣዎቹ መዘጋቱን ሰምተዋል፤ ትናንት አንዱ እግሬ ሥር መጥቶ ጎደሬው ጨው አንሶታል ወይ አለኝ” ይላል። እንደዚህ የሚያወራው ሰው ሲሰማው ነው። ብቻውን ሲሆን ጀልባው ላይ ተቀምጦ ውኃውን ያያል።

ሰው ብዙ ይላል። አንዳንዱ “እሑድ ቀን መረብ ሲጠግን ታይቷል፤ ለዚያ ነው” ይላል፤ አንዳንዱ “ሻርክ አይቶ ልቡ ቆመ” ይላል። ጀልባው ላይ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ሁሉም እኔን ይጠይቃል። “ወጣ፤ ከዚያ ሞተ” እላለሁ። እናቴ ብቻ ናት ያልጠየቀችኝ። የጀልባውን ገመድ ጠቅልላ ጣራው ሥር ወራጁ ላይ ሰቀለችው። ለፍየል ማሰሪያ እንኳ ገመድ ስነካ ካየች ከእጄ ትወስዳለች።

አሁን ወደ ተላክሁበት ነገር። የላኩልን፣ ጠላቂው በቱቦ የሚተነፍስበት ኮምፕሬሰር፣ አፒሳሎሜ በሞተበት ቀን ቺንጊያው፣ ሞተሩ የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ ተበጥሷል። መቶው ሌሊት ሲያልቅ ሰዎቹ እንደገና ድሪ የምንለውን የባሕር እንስሳ ሊለቅሙ ስለሚወርዱ አዲስ ቺንጊያ ይፈልጋሉ። ያን ከባሕር ወለል ላይ እንደ ወፍራም ትል ተጋድሞ የሚለቀመውን ጉድ ሲደርቅ የሚገዛው ነጋዴ በዚያው ሳምንት ይመጣል። “አንተ ቫሱ ነህ፤ የእህት ልጅ ከእናቱ ወንድም የጠየቀውን አይከለከልም፤ ጻፍለት” ብለውኛል። ኮምፕሬሰሩንም አፒሳሎሜ በዚሁ መብት እንደጠየቀዎ አውቃለሁ። ስለዚህ እጠይቃለሁ። አፉ ግን የእነሱ ነው።

የእህትዎ ልጅ
ሳኪዩሳ


ብሩም
ማርች 14 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ ለሳኪዩሳ

የአባቶችህ አምላክ ጥላ ይሁንልህ። ለእናትህ ለኡናይሲ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጥቁር ጨርቅ ልኬያለሁ፤ ለአንተ ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ። የደብዳቤህን መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እዚህ ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ገብቷል። ጀልባው ላይ ያለውን ብረት በባዶ እጅ የነካ ሰው ቆዳውን እዚያው ይተዋል። ዕንቁ ያለባቸውን ዛጎሎች የምንለቅምበት ወቅት ገና መጀመሩ ነው፤ በቅርቡ ወደ ጥልቁ እንወጣለን።

ስለ ቺንጊያው፤ የዚያ ዓይነት ሞተር እዚህ ከተጣለ ቆይቷል፤ ቺንጊያው አይገኝም። ሰዎቹ አይቸኩሉ። ኢኖኬን ከጎደሬው ማሳ እንዳይርቅ ንገረው። አባቱ በኮምፕሬሰር የሚተነፍሰው ልጁ በጎደሬ እንዲተነፍስ ነው በለው። ደብዳቤ መጻፍ የሚባለውን ነገር ከእኔ አልወረሰም።

እንዲሁ ለማወቅ ያህል ሦስት ነገር ጻፍልኝ። ወንድምህ ስንት ሜትር ላይ ነበር? ሲወጣ ቱቦው አፉ ውስጥ ነበር? እየወጣ ሳለ አረፋ አይተሃል?

የሚከብድህ ከሆነ ተወው።

አጎትህ
ሴቫናያ


ናቩኩ
ኤፕሪል 4 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬ ከእናቴ ሰላምታ ጋር ይድረስዎ። ጨርቁን ሰፍታ ለብሳዋለች። “ወንድሜ ስንት ክንድ እንደሚበቃኝ እስካሁን አልረሳም” ብላ እጅጌውን ስታየው ቆየች። ዛሬ ሃምሳ ስድስተኛው ሌሊት ነው።

ሦስቱን ጥያቄዎች መጀመሪያ ሳነባቸው ተናደድኩ። ሁሉም ሰው ስለ እሑድና ስለ ሻርክ ይጠይቀኛል፤ እርስዎ ግን እንደ ሐኪም ጠየቁኝ። አሁን ለምን እንደጠየቁኝ የማውቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን እነግርዎታለሁ።

ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ በየሁለት ሜትሩ ቋጠሮ አለው። አሥረኛው ቋጠሮ ላይ ነበር፤ ሃያ ሜትር። እኔ ገመዱን በእግሬ ረግጬ የትምህርት ቤት መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ቺንጊያው ሲበጠስ እንደ ጥፊ ጮኸ። ሞተሩ ይሮጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ቆሟል። ቱቦው እጄ ላይ ሲላላ ተሰማኝ። መጽሐፉን ጥዬ ገመዱን በሁለት እጄ ሳብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ምንም ነገር ስቤ አላውቅም። ውኃው ጥርት ያለ ስለነበር ገና ከታች ሳለ አየሁት። ቱቦውን ተፍቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ነበር የሚወጣው። አረፋ አላየሁም፤ አንድም።

የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ቀና ብሎ አየኝና “ሳኪ፣” አለ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ እጁ ለቀቀ፤ ከአፉ ሮዝ አረፋ ወጣ፤ ስጎትተው ከበደኝ።

አያቴ፣ የእርስዎ አባት፣ እንዴት እንዳሳደጉን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እኛን ልጆቹን ድንጋይ አስይዘው ከባሕሩ ወለል ላይ ያስቀምጡናል፤ እሳቸው ታንኳ ላይ ሆነው ውኃውን ያያሉ። አረፋ የለቀቀ ልጅ የዚያን ቀን ማታ የቤቱን ድስት በሙሉ ያጥባል። “የማን ጉሮሮ ነው የሚያፈሰው?” ይላሉ። እኔና ኢኖኬ ድስት እያጠብን ነው ያደግነው። አፒሳሎሜ አንድም ቀን አላጠበም።

ባለፈው ሳምንት የሳይንስ መምህራችን ማስተር ናራያን የራግቢ ኳሱን ይዘው ገቡ። “ጠዋት ሜዳ ላይ ስትረግጡት የላላው ኳስ ቀትር ላይ ለምን ይጠነክራል? ማን ነፋው?” አሉ። ማንም አልነፋውም፤ ፀሐይ ናት። አየር ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል። ቀጥለው የብስክሌት መንፊያ አምጥተው ጫፉን በጣታቸው ደፍነው ተጫኑት። አየር ሲጫኑት ይጠባል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ባሕርም እንዲሁ ነው አሉ። አሥር ሜትር በወረድን ቁጥር አንድ ሙሉ የሰማይ አየር ያህል ክብደት ይጨመርብናል። አሥር ሜትር ላይ አየሩ ግማሽ ይሆናል፤ ሃያ ሜትር ላይ ሲሶ። ወደ ላይ ሲመጣ ደግሞ የነበረውን ያህል ይሆናል።

ኢኖኬ ቢኖር “ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?” ይል ነበር። ከላይ ትንፋሽ ስበን ስንወርድ ደረታችን ይጨመቃል፤ ስንወጣ ይላላል። ይሄን ድስት አጣቢ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። “ማስተር፣ አየሩ ከላይ ሳይሆን ከታች የተወሰደ ከሆነስ?” አልኩ።

ማስተር ናራያን ዞረው አዩኝ። ጠመኔውን አስቀመጡ። ደወሉ ሲደወል “ሳኪዩሳ፣ አንተ ቆይ” አሉ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳንባ ሣሉ። ሃያ ሜትር ላይ ከቱቦ የተሞላ ሳንባ፣ አፉ ተዘግቶ ላይ ሲደርስ ሦስት ሳንባ የሚሞላ አየር ይሆናል። ሦስቱን የሚይዝ ደረት የለም።

“ወንድምህ ጎበዝ ጠላቂ ነበር?” አሉኝ።

“በመንደሩ እንደሱ የለም።”

“አየህ፣ ዋና የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ከመሃል ደንግጦ ይጮህ ነበር። ይጮህና ይድን ነበር።”

ከዚያ ቤቴ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። በመንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት።

አጎቴ፣ ገመዱን ቀስ ብዬ ስቤ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተነፍስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያን ያህል አፍጥኜ የሳብኩት እኔ ነኝ። እናቴ ገመዱን የሰቀለችው ይሄንን ስለምታውቅ ይመስለኛል።

ቺንጊያውን አይላኩ። ሌላ ነገር ነው አሁን የምጠይቅዎ። እርስዎ ሃያ ዓመት በቱቦ ሲተነፍሱ ኖረዋል። ይሄን ነገር ያውቁ ነበር?

ሳኪዩሳ


ናቩኩ
ኤፕሪል 14 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ

ጤና ይስጥልኝ። ትናንት የመጣችው መርከብ ደብዳቤዎን አላመጣችም። ለጻፍኩት ጥያቄ ተቆጥተው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄኛውን የምጽፈው ግን ልጠብቅ የማልችለው ነገር ስላለ ነው። እስካሁን የደበቅሁዎትም እኔ ነኝ።

መቶኛው ሌሊት ሲያልፍ መጀመሪያ የሚወርደው ኢኖኬ ነው። ከቀብሩ ሳምንት ጀምሮ የተወሰነ ነገር ነው። “ለአባቴ የጻፍክ እንደሆነ ጥርስህን ለቅሜ እሰጥሃለሁ” ስላለኝ ዝም አልኩ። ቺንጊያ ደግሞ አግኝቷል፤ ለመጠጥ የሚበጠበጠው የያንጎና ሥር ከሚፈጭበት ወፍጮ ፈትቶ ቆርጦ ሰፋው። ሞተሩን ሲያስነሳው ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ ግን ይሠራል።

ሰሌዳው ላይ ያየሁትን ነገርኩት። እጁ ላይ ያለውን ግሪስ እየጠረገ አዳመጠኝ።

“ጨረስክ?” አለ።

“ጨረስኩ።”

“አንተ ሳኪ፣ በመጽሐፍ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ አይቼ አላውቅም። ማስተር ናራያን ራሱ ገላውን የሚታጠበው በጆግ ነው።”

“አፒ የሞተው ትንፋሹን ስለያዘ ነው።”

“አፒ የሞተው ትንፋሽ ስላጣ ነው። አየር ያጣ ሰው ያለችውን ይለቃል? አንተ ብትሆን፣ አንዲት ጎደሬ ብትቀርህ፣ ከረሃብ እንድትድን ትጥላታለህ?”

ያለው ነገር ሁሉ ልክ ይመስላል፤ እውነት ያልሆነው መጨረሻው ብቻ ነው።

“ከሁሉም በላይ” አለና የብሎን መፍቻውን አነሳ፣ “ገመዱን የያዝከው አንተ ነህ። ስለዚህ አንተ ስለ አወጣጥ አታስተምረኝ።”

ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ለአክስት ልጅ የማይለው ቀልድ የለም፤ ይሄ ግን ቀልድ እንዳልነበረ ሁለታችንም ገባን። እስከ ዛሬ አላወራንም።

አጎቴ፣ እኔ ላስቆመው አልቻልኩም። ልጅዎ ነው።

ሳኪዩሳ


ብሩም
ኤፕሪል 30 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ ለሳኪዩሳ

የሰጠ አምላክ፣ የነሳም እሱ፣ የቀረውን ይተውልን።

ሁለቱን ደብዳቤዎችህን ያገኘሁት በአንድ ቀን ነው። ለሦስት ሳምንት ባሕር ላይ ነበርን። ይሄ እውነት ነው። ግን ወደብ ላይ ብሆንም ኖሮ መልሱን አዘገየው ነበር፤ ይሄም እውነት ነው።

አውቅ ነበር።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን ሺሞዳ የሚባል ጃፓናዊ ሽማግሌ አለቃዬ ሆነ። የእኔን ቋንቋ አያውቅም፣ እኔም የሱን። ቱቦውን አፌ ውስጥ ከከተተ በኋላ በመዳፉ ደረቴን መታኝና በሚያውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ “ስትወጣ፣ ዝፈን” አለኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ። እንደገና መታኝ። በኋላ ገባኝ። እያንጎራጎረ የሚወጣ ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። ቱቦው ቢቆምብህም ዝፈን፤ ከታች የወሰድካት እየሰፋች ትመጣለች እንጂ አታልቅብህም። ሁለተኛው ትምህርቱ ጣቱን ወደ አረፋዎቹ መቀሰር ነበር። ከትንሿ አረፋ አትቅደም። እሷ በምትወጣበት ፍጥነት ውጣ። ሌላ ትምህርት አልነበረውም። ይኸው ሃያ ዓመት ሆነኝ።

ከኮምፕሬሰሩ ጋር ወረቀት እንደላክሁ ታስታውሳለህ። ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር፣ የሞተሩ ጭስ ከአየር መሳቢያው እንዴት እንደሚርቅ ሁሉ ጽፌያለሁ። ስለ ትንፋሽም ጽፌ ነበር። “ስትወጣ ትንፋሽህን አትያዝ” ብዬ ጻፍኩና መስመሩን አየሁት። ወረቀቱ በመሰብሰቢያው ቤት ሲነበብ ታየኝ። ሰዎቹ ሲስቁ ሰማሁ። “የሴቫናያ ጉሮሮ ነጭ አገር ሄዶ ማፍሰስ ጀመረ” ሲሉ። ደግሞም የአባቴን የልጅ ልጅ እኔ ስለ ትንፋሽ ላስተምረው? ወረቀቱን ቀደድኩት። በንጹሕ ገጽ ላይ እንደገና ገለበጥኩ፤ ያ መስመር የሌለበትን።

ለአባቴ ባሕር የአባቴ ትምህርት ልክ ነው። አባቴ የሚወርደው ከላይ በሳበው አየር ነበር። ያንን አየር ባሕሩ ያጨማድደዋል፣ ይመልሰዋል፤ ከሰጠኸው በላይ አያደርገውም። ያንኑ ደረት፣ ያንኑ ትዕግሥት ይዞ በቱቦ ለሚወርድ ሰው ግን ያ ትምህርት ወጥመድ ነው። ይሄን ከመንደራችን ሰዎች ሁሉ ለይቶ ሊነግራችሁ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አፈረ።

ገመዱን ስለ መሳብህ የጻፍከውን አነበብኩ። እኔም ብሆን እስብ ነበር። ቀስ ብለህ ብትስበውም አፉ የተዘጋ ነው፤ የዘጋውም አባቴ ነው፤ እንዲከፍት ያልነገረው እኔ ነኝ። አንተ ከዚህ ውስጥ የለህበትም። ይሄን ለእናትህ አንብብላት።

ቺንጊያው አይገኝም ያልኩህ ውሸት ነው። ከመኝታዬ ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ኢኖኬን አውቀዋለሁ፤ ከባሕር አይቀርም፤ በወፍጮ ቺንጊያም ቢሆን ይወርዳል። ስለዚህ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ግን በእጅህ ይሁን፤ የሚገባውን ነገር ሰምቶ ካልተቀበለ አትስጠው።

ከእኔ የመጠየቅ መብት ያለህ አንተ ነህ እንጂ እኔ ከአንተ የምጠይቅበት ወግ የለም። ሆኖም አንድ ነገር እለምንሃለሁ። እንጨቱ ከኮራሉ ከመነቀሉ በፊት ይሄን ደብዳቤ በመሰብሰቢያው ቤት፣ በሁሉም ፊት አንብበው። አፈረ የሚለውንም አትዝለለው።

አጎትህ
ሴቫናያ


ናቩኩ
ሜይ 20 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ይሄን ሲያነቡ ይቀመጡ። ኢኖኬ ደኅና ነው። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰው በዘጠና ሰባተኛው ሌሊት ነው። በመጀመሪያ ለእናቴ አነበብኩላት። ቅርጫት እየሠራች ነበር። እጇ አልቆመም። “የለህበትም” የሚለው ላይ ስደርስ “እሱን ድገመው” አለችኝ። ደገምኩት። “እንደገና” አለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ ተነሥታ ውጭ ወጣች፤ እኔም ሌላውን ለራሴ ጨረስኩት።

ትናንት ጠዋት የመሰብሰቢያው ቤት ሞልቶ ነበር። የያንጎናው ገበታ መሃል ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ በሩ ጋ። ተነሥቼ አነበብኩ። አልዘለልኩም። ጉሮሮው ማፍሰስ ጀመረ የሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ቀጥሎ ያለውን ሲሰሙ አቀረቀሩ።

አንብቤ አበቃሁ። ከዚያ የመንደሩ ሽማግሌ ዋይሳኬ ኩባያውን አስቀምጠው “ሴቫናያ በደለኛነቱን ስላመነ እናመሰግነዋለን፤ ጀግንነት ነው” አሉ። “ነገር ግን አንድ ሰው አፉን ዘግቶ ከውኃ ስለወጣ ሞተ የሚለው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለእኔ ጆሮ ከባድ ነው። ሰባ ዓመት አፌን ዘግቼ ወጥቻለሁ። ይኸው ተቀምጫለሁ።”

ኢኖኬ ከኋላ “አባቴ አርጅቷል” አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቀልድ አልወጣም።

እኔ ይሄ እንደሚመጣ ገምቼ ነበር። ለበዓሉ ሦስት አሳማ ታርዶ ነበርና ትናንት ማለዳ ከአራጆቹ ሁለት የሽንት ፊኛ ለምኜ ወስጃለሁ። አንዱን ገና በብርዱ ነፍቼ አስሬ ደጃፍ ላይ አስቀምጬው ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ ፀሐይ አግኝቶት እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጠበቀኝ። ልጆች ከበውት በጣታቸው ይመቱታል። የማስተር ናራያን ኳስ ይኸው መጣ አልኩ በልቤ።

“አባ ዋይሳኬ” አልኩ፣ “እኔን አይመኑ። ይሄን አሳማ ይመኑ።”

በሦስት ጀልባ ወጣን። እናቴ ሳይጠሯት መጥታ እኛ ጀልባ ላይ ተቀመጠች። ከጨርቋ ሥር የያዘችው ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እንጨቱ ገና ስላልተነቀለ ከኮራሉ አፍ ውጭ፣ ጥልቁ ላይ ቆምን። እርስዎ የላኩትን ቺንጊያ ገጠምኩና ሞተሩን አስነሣሁ።

የመጀመሪያውን ፊኛ፣ ከላይ የተነፋውን፣ ድንጋይ አስረንበት በመረብ ገመድ ሃያ ሜትር አወረድነው። ስናወጣው እንደ ነበር ወጣ። አባ ዋይሳኬ ጨመቅ አድርገው አዩት። “እኔ ማለት ይሄ ነኝ” አሉ።

“አዎ፣ እርስዎ ነዎት” አልኩ። “ኢኖኬ፣ ሁለተኛውን ባዶውን ይዘህ ውረድ። ትንፋሽህን ከላይ ሳብ። ቱቦውን በእጅህ ያዝ፣ አፍህ እንዳይነካ። ከታች በቱቦው ንፋውና እሰረው፤ ከዚያ ልቀቀው።”

“ይሄን ለመሥራት ድስት ያላጠበ ሰው ያስፈልጋል” አለ። ለአንድ ወር ያልተነጋገርን ሰዎች ነን። ድንጋዩን ይዞ ገባ።

ሁላችንም በጀልባው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለን አየነው። ከታች ትንሽ ነገር ሆኖ ይታያል። ቱቦውን ፊኛው ላይ ሲያስገባ፣ ሲነፋ፣ ሲያስር አየን። ዙሪያውን የባከነ አየር ይፈነዳል። አፉን ወደ ቱቦው እንዳያስጠጋ ስጸልይ ነበር፤ አላስጠጋም። ለቀቀው።

ፊኛው ሲነሣ ትንሽ ኮኮናት ያህል ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ ትልቅ ኮኮናት አከለ። አባ ዋይሳኬ “አሃ” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በላይ አልደረሰም። ከእጃችን አራት ሜትር ያህል ሲቀረው ነጭ የአረፋ ደመና ሆነ፤ አረፋው ጀልባችን ሥር ፈላና ጠፋ። በመጨረሻ ከደመናው መሃል የተቀደደ ቆዳ ተንሳፍፎ መጣ። እናቴ እጇን ሰዳ ከውኃው አነሣችው። ጭኗ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በጣቷ አቃናችው።

ኢኖኬ ወጣና ጠርዙን ያዘ፤ ልክ ወንድሜ በያዘበት በኩል። የእናቴን ጭን አየ። መጀመሪያ “ይሄ አሳማ ድሮም ትንፋሽ አያውቅም ነበር” አለ። የሳቀ የለም። እሱም ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ። ዓይኑ የቀላው በጨው ብቻ አልነበረም።

“ሳኪ” አለኝ በመጨረሻ። “ያን ቀን ስለ ገመዱ ያልኩህን፣”

“ድስት ታጥባለህ” አልኩት።

እንጨቱ ተነቀለ፤ ቅጠሉ ለባሕሩ ተሰጠ፤ ፓስተሩ ጸለዩ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ኮምፕሬሰሩን ይጥሉታል ብዬ አስቤ ነበር። አልጣሉትም። ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል፤ ሰውም መኖር አለበት። አባ ዋይሳኬ ብቻ “ከዛሬ ጀምሮ በቱቦ የሚወርድ ሁሉ እየዘፈነ ይወጣል። ሳይዘፍን የወጣ፣ በሕይወት ቢወጣም፣ እኔ ከጠላቂዎቹ አስወጣዋለሁ” አሉ።

ኢኖኬ መታጠቂያውን አጠበቀ። “ምን ልዝፈን?” አለኝ።

“የምታውቀውን።”

“እስከ መጨረሻው የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የአፒ ቀብር ላይ የተዘመረውን።”

“እሱን ዘምር” አለች እናቴ። ያን ቀን ስትናገር የሰማኋት መጀመሪያ ነው። ከጨርቋ ሥር የያዘችውን አወጣች፤ ገመዱ ነበር። ከወራጁ ላይ ራሷ አውርዳው ነው የመጣችው። አንዱን ጫፍ ኢኖኬ ወገብ ላይ አሰረችና ሌላውን በእጄ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

“ያዝ” አለችኝ።

አጎቴ፣ የልጅዎ ድምፅ አያምርም፤ ከውኃ በታች ደግሞ ይብሳል። ቀፎ ውስጥ የገባ ሰው ይመስላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም። ገመዱን ቋጠሮ በቋጠሮ ነው የተቀበልኩት፣ ከትንሿ አረፋ ሳልቀድም። አረፋዎቹ ከአፉ ሲወጡ የበቆሎ ፍሬ ያህላሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ እንደ ሳህን ሰፍተው ነው የሚፈነዱት። ከእያንዳንዳቸው ጋር እናቴም በአፏ ውስጥ ስትዘምር ሰማኋት።

አሁን በመጨረሻ። በፌብሩዋሪ ወር በሌሎች አፍ ጠይቄዎት ነበር። ይሄ አፍ ግን የእኔ ነው። ለቀብሩ አልመጡም፤ በቴሌግራሙ ሥራ በዝቶ ነው አሉን፤ እኛም አመንን። አሁን ለምን እንዳልመጡ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ቆሜ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። የአፒሳሎሜ መቃብር ላይ ድንጋይ የሚቀመጠው በኦገስት ነው። እናቴ የእርስዎን ቦታ ከእሷ ቀጥሎ አድርጋዋለች።

ይምጡ። የእህት ልጅ የጠየቀውን መከልከል እንደማይችሉ ያውቃሉ።

የእህትዎ ልጅ
ሳኪዩሳ